የእናትሽ ለውጥ በቀን ስንት ነው?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። እናትሽ ዳሌያቸው ተሰብሮ ቀዶ ሕክምና ካደረጉ ወር አልፏቸዋል። የጎረቤት እናት ግን በአሥር ቀን ቀጥ ብለው ሄዱ። «ፊዚዮቴራፒው እየሠራ መሆኑን በምን ልወቅ?» ነው ያልሽው። ባሕር ዳር ውስጥ ቤት ለቤት እየዞርኩ ይህንኑ ሥራ ስለምሠራ፣ ያየሁትን ልንገርሽ።

ከምንጠቀምባቸው መለኪያዎች አንዱ ባርተል ይባላል። ከ1965 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ ነው። መብላት፣ መልበስ፣ ሽንት ቤት መሄድ፣ ከአልጋ መነሳት፣ መራመድ እያለ አሥር ነገር ሰው ብቻውን ይችል እንደሆነ ይጠይቃል። ሙሉው 100 ነው። ከአሁኑ ነጥብ የመጀመሪያውን ቀንሰሽ ለቀናቱ ስታካፍዪው በቀን ስንት እንዳገኙ ይወጣል። የተሐድሶ (ከሕመም በኋላ አቅምን የመመለስ) ቅልጥፍና የሚሉት ይኼንን ነው።

ግን ይሸውዳል። ጎረቤትሽ ከ60 ተነስተው በ10 ቀን 80 ገቡ እንበል፤ በቀን 2። እናትሽ ከ40 ተነስተው በ30 ቀን 70 ደረሱ፤ በቀን 1። የዘገዩ ይመስላሉ አይደል? አሁን የጎደላቸውን እዪው። ጎረቤትሽ 40 ጎድሏቸው 20 መለሱ፣ እናትሽ 60 ጎድሏቸው 30 መለሱ። ሁለቱም እኩሌታውን! እናትሽ ከመውደቃቸው በፊትም 90 ከነበሩ ደግሞ የጎደላቸው 50 ብቻ ነው፤ እንዲያውም ይበልጣሉ። (ደረጃ መውጣት ብቻውን 10 ነጥብ አለው። ዕድሜ ልካቸውን ደረጃ በሌለው ቤት የኖሩ እናት ምን ያድርጉት?) በዚያ ላይ ከሆስፒታል ቶሎ የወጣ ሰው ቀኑ ስለሚያንስ ቁጥሩ ያምርለታል።

የት እንደተለካም ጠይቂ። ጣና ዳር አካባቢ አንዲት እናት ነበሩኝ። ሆስፒታል እያሉ ከአልጋ ብቻቸውን ይነሱ ስለነበር ለዚያ ሙሉውን 15 ይዘው ወጡ። ቤታቸው ስሄድ ዝቅ ያለች መደብ ላይ አገኘኋቸው፣ ጉልበታቸው ደረታቸው ጋ ደርሶ። «እስኪ ይነሱ» ስላቸው «አንሺኝና ልነሳ!» አሉኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ነጥቡ 10 ሆነ። ልጃቸው አንድ የቆየ የሽቦ አልጋ አውጥቶ በአራቱም እግሮቹ ሥር ብሎኬት አደረገበት። በሳምንቱ ያለማንም እርዳታ ተነሱ።

አንቺም ቤት ልትለኪ ትችያለሽ፣ ሐኪሙ እግራቸውን እንዲረግጡበት ከፈቀደ ብቻ። የእጅ መደገፊያ ያለው ወንበር አስቀምጪ፣ ከፊቱ 3 ሜትር ላይ በጠመኔ አስምሪ። ተነስተው፣ መስመሩ ድረስ ሄደው፣ ዞረው ተመልሰው እስኪቀመጡ በስልክሽ ሰዓት ያዢ። ዎከር (ይዘውት የሚራመዱት ባለ አራት እግር ድጋፍ) ካላቸው ይያዙ። አጠገባቸው ቁሚ። በየሳምንቱ ያው ወንበር፣ ያው ጫማ ይሁን። ብሽሽታቸውን ድንገት ካመማቸው፣ እግራቸው ካጠረ ወይም ባታቸው ካበጠ ግን መለካቱን ትተሽ ሐኪም ጋ ውሰጃቸው።

ሰኞ ለኪና ሰከንዱን ጻፊልኝ። ከመውደቃቸው በፊት ቤተ ክርስቲያን በእግራቸው ይሄዱ እንደነበርም ጠይቀሽ ጨምሪበት።