ጠይቁን፦ የተተከለ ጥርስ ደም ይመርዛል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፍልዎ ከባሕር ዳር፣ ከሽምብጥ ነው። አባቴ ከአራት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ሄደው ታች መንጋጋቸው ላይ ሁለት ጥርስ አስተክለዋል። እስካሁን ደህና ነበሩ። በቀደም አንድ ዘመዳችን «ብረቱ እየተበላ ደም ውስጥ ይገባል፣ ጭንቅላት ድረስ ይሄዳል» ብሎ አስደነገጣቸው። አሁን ካልተነቀለልኝ ብለው አስቸግረውናል። ጣና ዳር ዓሣ ሲበሉ ሎሚ መጭመቅ እንኳን ትተዋል፣ አሲዱ ብረቱን ያሟሟዋል ብለው። እርግጥ አንደኛው ጋ ሲቦርሹ ድዳቸው ይደማል። ነገሩ እውነት ነው እንዴ?

መልስ፦ እህቴ፣ ዘመዳችሁ ከመሬት ተነስቶ አልተናገረም። የብረት ብናኝ ይወጣል። የተሳሳተው የት ሄዶ ምን እንደሚያደርግ ላይ ነው።

አጥንት ውስጥ የሚገባው ብሎን አብዛኛውን ጊዜ ታይታኒየም ነው። ይህ ብረት አየር እንደነካው በጣም ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ያበጃል፣ ሰውነት የሚስማማውም ከዚህ ሽፋን ጋር ነው። ስዊድናዊው ሐኪም ፐር-ኢንግቫር ብሮኔማርክ እ.ኤ.አ. በ1965 የመጀመሪያውን ታካሚ በታይታኒየም ሲያክም፣ ሰውየው ከዚያ በኋላ ከ40 ዓመት በላይ ሲያኝክበት ኖሯል።

ሽፋኑ ግን ይፋቃል። ብሎኑ ሲተከል አጥንቱን እየፈተገ ነው የሚገባው። በኋላም ክራውኑን (ብሎኑ ላይ የሚቀመጠውን ጥርስ መሳይ ክፍል) የያዘው ክፍል ላልቶ በየማኘኩ ሲፋተግ፣ ወይም ጥርስ የሚያጥበው ባለሙያ በተራ የብረት ጫፍ ሲጭረው ብናኝ ይወጣል። ድድ ሲቆጣ ደግሞ አካባቢው አሲዳማ ይሆንና ብረቱ መበላቱ ይፈጥናል። ብናኙን የሰውነት መከላከያ ሴሎች ይውጡታል፣ ግን ሊፈጩት አይችሉም፣ ስለዚህ ቁጣ የሚቀሰቅሱ ኬሚካሎች ይለቃሉ፣ ይህ ሲደጋገም አጥንት የሚበሉ ሴሎች ይነቃሉ። ላቦራቶሪ ውስጥ የታየው ይህ ነው። በታመመ ኢምፕላንት (የተተከለ ጥርስ) ዙሪያ ያለ ድድም ከጤነኛው የበለጠ ብናኝ ተገኝቶበታል። ብናኙ ቁጣውን አመጣ ወይስ ቁጣው ብናኙን የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። እኔ አንዱ ሌላውን ያባብሳል ባይ ነኝ።

ጭንቅላት የሚለውን ግን ተዉት። ከተተከለ ጥርስ የሚወጣ ታይታኒየም አንጎል እንደሚመርዝ የተረጋገጠ ነገር የለም። አንዳንዱ ብሎን ንጹሕ ታይታኒየም ሳይሆን 6 በመቶ አሉሚኒየምና 4 በመቶ ቫናዲየም የተቀላቀለበት ነው፣ ወሬው ከዚያ የተነሳ ይመስለኛል። አሉሚኒየም ካስፈራቸው ቲማቲም የበዛበት ወጥ አሉሚኒየም ድስት ውስጥ ባያሳድሩ ይሻላል፣ እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

እኔን ያስደነገጠኝ መጨረሻ ላይ ጣል ያደረግሽው ነገር ነው። የሚደማው ድድ! ብናኝ ኖረም አልኖረም ጥርሱን የሚያሳጣቸው እሱ ነው። ሳይውል ሳያድር የጥርስ ሐኪም ይያቸው። ሐኪሙ በድዱና በብሎኑ መካከል ያለውን ጥልቀት ይለካል፣ ራጅ አንስቶ አጥንቱ ወርዶ እንደሆነ ያያል (ያኔ ሲተከልላቸው የተነሳው ራጅ ካለ ይዛችሁ ሂዱ)፣ የላላ ነገር ካለም ያጠብቃል። ክራውኑ ሲለጠፍ የተረፈ ሲሚንቶ ድድ ሥር ቀርቶ ከሆነም እንዲህ ያስደማል። ስኳር ካለባቸው ወይም ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነ ይናገሩ፣ አይደብቁ። ጥርስ ሲያሳጥቡም «የተተከለ ጥርስ አለኝ» ይበሉ፣ ለእሱ የሚሆን የፕላስቲክ ጫፍ አለ።

ደህና የያዘን ኢምፕላንት መንቀል ማለት ዙሪያውን አጥንት መቦርቦር ነው። ባልተረጋገጠ ፍርሃት እንዲህ ያለ ጉዳት በገዛ እጅ አይገዛም።

ሎሚውን ይመለሱበት። ታይታኒየምን የሚያስቸግረው ጠንከር ያለ ፍሎራይድ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ነው፣ ለምሳሌ ሐኪም ቤት የሚቀባው አሲዳማ የፍሎራይድ ጄል። ቆሮሶ ዓሣ ላይ የተጨመቀ ሎሚ ምንም አያደርግም። በተለመደው የጥርስ ሳሙናም ይቦርሹ። ቆሎ ግን በዚያ በኩል ባይቆረጥሙ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ ከዘጌ ነኝ። ርካሽ ሰዓት ካደረግኩ እጄ ያሳክከኛል፣ የቀበቶ ዘለበትም ሆዴን ያቀላዋል። ጥርስ ላስተክል አስቤያለሁ። አለርጂ ይነሳብኝ ይሆን?

መልስ፦ ሰዓቱና ዘለበቱ ላይ ያስቸገረህ ኒኬል ሳይሆን አይቀርም፣ ታይታኒየም ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣ የስፔን ጥናት ከ1,500 ታካሚዎች ለታይታኒየም አለርጂ ያሳዩት 9 ብቻ ናቸው፣ 0.6 በመቶ መሆኑ ነው። ስለዚህ ከብሎኑ ይልቅ ላዩ ላይ ስለሚቀመጠው ክራውን ጠይቅ። ርካሹ ብዙ ጊዜ ኒኬልና ክሮም ነው፣ ያ ላንተ አይሆንም። ከዚህም ሌላ የተለያዩ ብረቶች በምራቅ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ያስበላል። ከዚርኮኒያ (ብረት ካልሆነ ጠንካራ ሴራሚክ) የተሠራ ክራውን ብታደርግ ከሁለቱም ትድናለህ። ብሎኑም ራሱ ከዚርኮኒያ የሚሠራ አለ፣ ግን ሴራሚክ ስለሆነ ሊሰበር ይችላል፣ እንደ ታይታኒየም ረጅም ዘመን የተፈተነም አይደለም። ስለ ሰዓቱ የጻፍክልኝን ለሐኪሙም ንገረው፣ ክራውኑ ከምን እንደተሠራም በጽሑፍ ተቀበል።