ስህተታችሁን ቀድማችሁ ፈልጉት

ለወጣት ተመራማሪዎች፣

ፕሮፖዛል ስትጽፉ ሁሉም ሰው የሚጠይቃችሁ «ምን ልታጠኑ ነው?» ብሎ ነው። እኔ ግን ከዚያ በፊት ሌላ ጥያቄ እንድትመልሱ እፈልጋለሁ፤ «ያሰብኩት ነገር ትክክል ባይሆን በምን አውቃለሁ?» መልሱን በሁለት ሦስት መስመር ማስፈር ካቃታችሁ፣ ርዕስ እንጂ ጥያቄ ገና የላችሁም። ኬሚስትሪ ተማሩ ሥነ ልቦና፣ ሥዕል አጥኑ የኢነርጂ ፖሊሲ፣ ይህ አይለወጥም። የሚለያየው ስህተቱ የሚደበቅበት ጓዳ ነው።

«የስልክ አጠቃቀም በተማሪዎች ላይ ያለው ተጽዕኖ» ርዕስ ነው። «ከመኝታ በፊት ለአንድ ሰዓት ስልካቸውን ያስቀመጡ ተማሪዎች ካላስቀመጡት ቀድመው እንቅልፍ ይወስዳቸዋል ወይ? ስንት ደቂቃ ቢቀድሙ ነው ለውጥ አለ የምለው?» ይህኛው ጥያቄ ነው። ማን፣ ምን አድርጎ፣ ከማን ጋር ተነጻጽሮ፣ በምን ተለክቶ የሚሉት ሁሉ ውስጡ አሉ። ከሁሉም በላይ «አይወስዳቸውም» የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል።

ከሥነ ልቦና ልጀምር፤ ትምህርቱ በውድ ዋጋ የተገዛው እዚያ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2015 የበርካታ ተመራማሪዎች ኅብረት 100 የሥነ ልቦና ጥናቶችን እንደገና ሠርቶ ውጤቱን ሳይንስ በተባለው መጽሔት አሳተመ። ከመጀመሪያዎቹ ጥናቶች 97 በመቶው ጉልህ ውጤት፣ ማለትም በአጋጣሚ ብቻ መጣ ለማለት የሚከብድ ውጤት፣ ያላቸው ነበሩ። ሲደገሙ ግን እንዲህ ያለ ውጤት የሰጡት 36 በመቶው ብቻ ሆኑ። እዚህ ለመድረስ ማንም መዋሸት አያስፈልገውም፤ ሁለት ተራ ልማዶች ይበቃሉ።

አንደኛው የናሙና ማነስ ነው። ሁለት ቡድን ስታነጻጽሩ እውነተኛው ልዩነት የስታንዳርድ ዴቪዬሽኑን (ቁጥሮቹ ከአማካዩ የሚርቁበትን የተለመደ መጠን) ግማሽ ያህል ነው እንበል። በተለመደው የ5 በመቶ የጉልህነት ደረጃ (ልዩነት ሳይኖር በስህተት አለ የማለት ዕድሉ 5 በመቶ በሆነበት) ያንን ልዩነት በ80 በመቶ ዕድል ለመያዝ ከእያንዳንዱ ቡድን 64 ሰው፣ በድምሩ 128 ያስፈልጋችኋል። ልዩነቱ የስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 0.2 ብቻ ከሆነ በየቡድኑ ወደ 394 ሰው ይደርሳል። ብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች እንደሚያደርጉት በየቡድኑ 20 ሰው ብትይዙ፣ የመጀመሪያው የ0.5 ልዩነት በእርግጥ ኖሮ እንኳ የማግኘት ዕድላችሁ ከሦስት አንድ ገደማ ነው። ይባስ ብሎ በ20 ሰው ጉልህ ለመባል የምታዩት ልዩነት ቢያንስ 0.64 መሆን አለበት፤ እውነተኛው ግን 0.5 ነው። ስለዚህ በወንፊቱ ያለፈው ውጤት ሁሉ የተጋነነ ይሆናል፤ ዕድለኛው ተማሪም ቢሆን የተሳሳተ ቁጥር ይዞ ነው የሚወጣው። ናሙና በኋላ እንደ ቅመም የሚጨመር ነገር አይደለም፤ የግምት ስህተትን በግማሽ ለመቀነስ ናሙናውን በአራት ማባዛት ይጠይቃል።

ሁለተኛው ልማድ መረጃውን ከሰበሰቡ በኋላ የሚጮህ ነገር እስኪገኝ መጎርጎር ነው። ምንም ልዩነት በሌለበት መረጃ ላይ 20 የማይገናኙ ፈተናዎች ብታደርጉ፣ ቢያንስ አንዱ በአጋጣሚ «ጉልህ» የመሆን ዕድሉ 64 በመቶ ነው። ያንን አንዱን ይዞ መላምቱን ከኋላ መጻፍ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚሉት ዓይነት ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ዋናው መለኪያ የትኛው እንደሆነ፣ ስንት ሰው ላይ እንደምታቆሙ፣ የማንን መልስ በምን ምክንያት እንደምትጥሉ፣ የምትጠቀሙበትን የስሌት ዘዴ ጭምር የመጀመሪያው ተሳታፊ ሳይመጣ ጻፉ፤ ቀን አድርጉበት፤ በኋላ ሊለወጥ በማይችል የምዝገባ ቋት አስቀምጡት። ከዚያ ውጭ ያያችሁትን መጻፍ አልተከለከለም፤ «ይህ አስቀድሞ የታቀደ አልነበረም» በሉና ጻፉት። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድም እንደዚሁ ከመረጃው በፊት ነው። ከተሰበሰበ በኋላ የሚሰጥ ፈቃድ የለም፤ ያለሱም የሚቀበላችሁ መጽሔት ማግኘት ይከብዳል።

መጠይቅ የምታዘጋጁ ከሆነ አንዱ ሰው ይተርጉመው፤ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ደግሞ ወደ መጀመሪያው ቋንቋ ይመልሰው። ሁለቱ የማይገጥሙበት ቦታ ላይ ችግር አለ። ከዚያ ለስምንት ለአሥር ሰው ሰጥታችሁ እያንዳንዱን ጥያቄ በራሱ አባባል እንዲነግራችሁ አድርጉ። «መምህሩ ግልጽና ሰዓት አክባሪ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ሁለት ጥያቄ ነው፤ ግልጽ ሆኖ የሚያረፍድ መምህር ያለው ተማሪ ምን ይመልስ?

ወደ ቤተ ሙከራ ስንገባ ስህተቱ መሣሪያው ውስጥ ይቀመጣል። እ.ኤ.አ. በ2011 ኦፔራ የተባለው የፊዚክስ ቡድን በጄኔቭ አቅራቢያ ካለው የሰርን የምርምር ማዕከል ተነስተው 730 ኪሎ ሜትር ርቆ ጣሊያን ወደሚገኘው የግራን ሳሶ ቤተ ሙከራ የተላኩ ኒውትሪኖዎች (እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶች) ከብርሃን በ60 ናኖሰከንድ ገደማ ቀድመው ደረሱ የሚል ውጤት አገኘ። በሚቀጥለው ዓመት ዋናው ጥፋት ተገኘ፤ በደንብ ያልጠበቀ የፋይበር ኬብል መግጠሚያ። ቡድኑ «ከብርሃን የሚፈጥን የለም ያለው አንስታይን ተሳስቷል» ብሎ አላወጀም፤ ስህተታችንን ፈልጉልን ብሎ ነበር ለሌሎች ያቀረበው። ይህን ልብ በሉት።

የእናንተ ኬብል ምናልባት ፒፔት (ፈሳሽ ለክታችሁ የምትቀዱበት መሣሪያ) ይሆናል። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 1 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውሃ 0.998 ግራም ያህል ይመዝናል፤ አሥር ጊዜ እየቀዳችሁ በሚዛን ላይ አስቀምጡ። አማካዩ ከዚያ ከራቀ ፒፔቱ ያዳላል፤ አማካዩ ትክክል ሆኖ ቁጥሮቹ ከተበታተኑ ደግሞ ችግሩ ብዙውን ጊዜ እጃችሁ ወይም በደንብ ያልተገጠመ ጫፍ ነው። የካሊብሬሽን መስመራችሁን (መጠናቸው በሚታወቅ ናሙናዎች ተሠርቶ የመሣሪያውን ንባብ ወደ መጠን የሚቀይረውን) በአምስት ወይም በስድስት ነጥብ ሥሩ። ናሙናችሁ ከከፍተኛው ነጥብ በላይ ካነበበ አቅጥናችሁ እንደገና ለኩ እንጂ መስመሩን በምኞት አታስረዝሙት። በየተራው ናሙና የሌለበት ባዶ መለኪያ፣ መጠኑን የምታውቁት አንድ መቆጣጠሪያና የተደገመ ናሙና ይኑሩ። ባዶው የሆነ ነገር ካነበበ ውሃችሁ ወይም ዕቃችሁ ተበክሏል።

ብዙዎች የሚረሱት ግን ቅደም ተከተሉን ነው። መድኃኒት ያልነካቸውን ናሙናዎች ጠዋት፣ የነካቸውን ከሰዓት ብትለኩ የምታገኙት ልዩነት የመድኃኒቱ ይሁን መሣሪያው ቀስ በቀስ በመንሸራተቱ የመጣ ማንም ሊነግራችሁ አይችልም። ስሌት አያድነውም። ተራውን በዕጣ አደባልቁት፤ ከተቻለም የሚለካው ሰው የትኛው የየትኛው እንደሆነ አይወቅ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ እዚህ ግን የፈሰሰው አይለቀምም።

የጥበብ ተማሪዎች ይህ እኛን አይመለከትም እንዳትሉ። ቲታኒየም ነጭ የተባለው ቀለም ለገበያ የቀረበው ከ1910ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ወዲህ ነው። በ1914 በጀርመናዊው ሠዓሊ በሃይንሪሽ ካምፐንዶንክ ተሣለ ተብሎ በውድ የተሸጠ ሥዕል ላይ ይህ ቀለም በመገኘቱ የአስመሳዩ ሠዓሊ የቮልፍጋንግ ቤልትራኪ የሐሰት ሥዕሎች ጉድ ወጣ፤ ሰውዬውም በ2011 ተፈረደበት። ልብ በሉ፤ ቀለም ሊከስ ይችላል እንጂ ነጻ ሊያወጣ አይችልም። የዘመኑ ቀለም ብቻ መገኘቱ ሥዕሉ የዚያ ሠዓሊ ነው አያሰኝም። ክሱም ቢሆን ጥንቃቄ ይሻል፤ ኋላ የጠገነ ሰው ዘመናዊ ነጭ ቀብቶበት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ በአልትራቫዮሌት መብራት እዩት፤ በቫርኒሹ ላይ የተቀባ አዲስ ጥገና ብዙ ጊዜ ጠቆር ብሎ ይታያል። ከዚያ ከጥገና ነጻ ከሆኑ በርካታ ቦታዎች ለኩ። የኤክስሬይ ፍሎረሰንስ መሣሪያ የሚያሳየው ንጥረ ነገር ነው፤ «ብረት አለ» ቢላችሁ የፕሩሲያ ሰማያዊ ይሁን ተራ ቀይ አፈር አይለይም፤ እንደ ኢንዲጎ ያለውን ከዕፅዋት የተገኘ ቀለም ጭራሽ አያየውም፤ ከላይና ከታች ያሉትን ንብርብሮችም አንድ ላይ ያነባል።

በኢነርጂ ፖሊሲ ስህተቱ ማንም በማያነበው የግምት ሠንጠረዥ ውስጥ ይተኛል። ምሳሌ እንሥራ። 1 ኪሎዋት የፀሐይ ማመንጫ ለመትከል 1,000 ዶላር ቢፈጅ፣ በዓመት ካሉት 8,760 ሰዓታት በአማካይ የአቅሙን 20 በመቶ ቢሠራ፣ 1,752 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል። 25 ዓመት ይቆያል እንበል፤ ጥገናውን ለጊዜው እንተወው። የገንዘቡ ዓመታዊ ዋጋ (እንደ ወለድ የሚታሰበው) 3 በመቶ ነው ብትሉ በየዓመቱ የሚመለሰው 57 ዶላር ገደማ ነው፤ አንዱ ኪሎዋት ሰዓት 3.3 የዶላር ሳንቲም ይወጣዋል። 10 በመቶ ብትሉ ግን ዓመታዊው 110 ዶላር፣ አንዱ ኪሎዋት ሰዓት 6.3 ሳንቲም ይሆናል። ፀሐይዋም ፓኔሉም ያው ናቸው፤ ዋጋውን በእጥፍ ያስጠጋው አንድ ቁጥር ነው። እንዲህ ያለውን ቁጥር የደበቀ ጥናት ስታገኙ ድምዳሜውን ለማንበብ አትድከሙ። የራሳችሁ ሲሆን ደግሞ ዋና ዋናዎቹን ግምቶች አንድ በአንድ ከፍና ዝቅ እያደረጋችሁ፣ መደምደሚያው በየትኛው ላይ እንደሚገለበጥ ጻፉ። የተተከለ አቅምን ከሚመነጨው ኃይል ጋር ማምታታትም የተለመደ ነው፤ ሜጋዋት የአቅም፣ ሜጋዋት ሰዓት በጊዜ ውስጥ የመነጨው ኃይል መለኪያ ስለሆኑ አይደመሩም፣ አይነጻጸሩም።

ፋይል አያያዝ አሰልቺ ነው፤ ሆኖም ስም የሚጠፋበት ቦታ ነው። የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎቹ ካርመን ራይንሃርትና ኬኔት ሮጎፍ እ.ኤ.አ. በ2010 ስለ መንግሥታት ዕዳና ዕድገት የጻፉት ጥናት ብዙ ፖሊሲ አውጪዎች የጠቀሱት ነበር። በ2013 ቶማስ ሄርንደን የተባለ ተማሪ ጥናቱን መድገም ቢያቅተው የኤክሴል ሠንጠረዡን ጠየቀ፣ ተሰጠው፣ አማካዩን የሚያሰላው ቀመር አምስት አገሮችን ሳይነካ እንደዘለለ አየ። ሌሎች የአመዛዘን ጥያቄዎችም አብረው ተነሡ። ኤክሴል የጂን ስሞችን ወደ ቀን እየለወጠ ስላስቸገረም በ2020 የሰው ጂን ስያሜ ኮሚቴ ፕሮግራሙ እስኪስተካከል ሳይጠብቅ የጂኖቹን ስም ቀይሯል። (ሳይንስ አንዳንዴ እንዲህ ይሸነፋል።) ጥሬ መረጃችሁን እንዳይነካ ቆልፋችሁ አስቀምጡ፤ ማስተካከያው ሁሉ በሌላ ቅጂ ላይ፣ ከተቻለ በተጻፈ ኮድ ይሁን። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከሕንፃው ውጭ ይኑር።

ጽሑፉን ከማስገባታችሁ ከአንድ ወር በፊት ጥሬ መረጃውንና የዘዴ ክፍሉን ብቻ ለአንድ ጓደኛችሁ ስጡት። አጠገቡ አትቀመጡ፤ አታስረዱ። ዋናውን ቁጥር አውጥቶ ያምጣላችሁ። እየደወለ የሚጠይቃችሁን እያንዳንዱን ነገር በወረቀት መዝግቡ፤ ከዘዴ ክፍላችሁ የጎደለው እሱ ነው።