መልስ፦ ቅዳሴ ላይ ዝም ብዬ ከምቆም ቤቴ ብጸልይስ?

እህቴ፣ የቤት ጸሎትሽን አትተዪ፤ ቅዳሴን ግን አይተካም። ጳውሎስ በሮሜ 15፥6 በአንድ ልብና በአንድ አፍ እግዚአብሔርን እንድናከብር የጻፈው ለብዙዎች ነው። ቅዳሴውም የተሠራው እንደዚያው ነው፤ ሕዝቡ ካልመለሰ ካህኑ ብቻውን አይዘልቀውም።

«ምን እንደምል አላውቅም» ላልሽው፦ ግዕዝና አማርኛው ጎን ለጎን የታተመበትን መጽሐፈ ቅዳሴ ያዢና «ይ.ሕ.» የሚለውን ፈልጊ። ይበል ሕዝብ ማለት ነው፣ ያንቺ ድርሻ። ሁሉንም ባንዴ አትሸምድጂ፤ በዚህ ምልልስ ጀምሪ። ካህኑ «እግዚአብሔር ምስለ ኵልክሙ» ሲል «ምስለ መንፈስከ»፤ «አእኵትዎ ለአምላክነ» ሲል «ርቱዕ ይደሉ»፤ «አልዕሉ አልባቢክሙ» ሲል ደግሞ «ብነ ኀበ እግዚአብሔር አምላክነ»። ትርጉሙን ሳታዪ አትለፊ፤ የመጨረሻው «ልባችን በአምላካችን በእግዚአብሔር ዘንድ ነው» ማለት ስለሆነ ልብሽ ገበያ ላይ ከሆነ ያሳፍራል።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ዜማው ላይ ነው። አንዱ እሑድ ግዕዝ በሚባለው ዜማ፣ ሌላው ዕዝል በሚባለው ዜማ ሊቀደስ ይችላል፤ የለመድሽውን ይዘሽ ከቀደምሽ አጠገብሽ ያሉት ይደናገራሉ። የመጀመሪያውን ቃል መሪው እስኪያነሣ ጠብቂና ድምፅሽን ከጎረቤትሽ ድምፅ በታች አድርገሽ ተከተዪ። መጽሐፉን በስልክ የምታነቢ ከሆነ መልእክት እንዳይገባ መስመሩን ዝጊው። ወንጌል ከተነበበ በኋላ የሚደርስ ሰው ግን የቱንም ያህል ቢሸመድድ አይጠቅመውም፤ ግማሹ አልፎታል።

ግዕዙ እስኪለምድሽ ድረስ አማርኛውን በልብሽ ማለት ነውር የለውም።