የቤት ሰነድ ከማረጋገጥ እስከ ስም ዝውውር፦ ጥያቄና መልስ

በመሐል አዲስ አበባ ቤት ለመሸጥ፣ ለመግዛት ወይም ለማውረስ የተዘጋጁ አባላት ላቀረቧቸው ጥያቄዎች፣ በሰነድ ማረጋገጥ ሥራ የቆዩትና አሁን በጥብቅና ላይ ያሉት አባላችን የሚከተሉትን መልሶች ሰጥተዋል።

ጥያቄ (ካዛንቺስ)፦ ከሻጩ ጋር ውልና ማስረጃ (ሰነዶች ማረጋገጫ) ቀርበን ፈርመናል፤ ማኅተምም ተደርጎበታል። ከእንግዲህ ቤቱ የእኔ ነው ማለት እችላለሁ?

መልስ፦ አይችሉም። ማኅተሙ የሚመሰክረው በዚያ ቀን ከአረጋጋጩ ፊት የቀረቡት ሰዎች ማንነታቸው፣ ችሎታቸውና ሥልጣናቸው ተጣርቶ በፈቃዳቸው መፈረማቸውን ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1185 የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነት በውል ወይም በኑዛዜ እንዲተላለፍ በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ላይ መጻፍ እንዳለበት ይደነግጋል፤ አንቀጽ 2878 ደግሞ ያልተመዘገበ ሽያጭ በሦስተኛ ወገን ላይ መቃወሚያ ሊሆን አይችልም ይላል። እርስዎ ከፈረሙ በኋላ የሻጩ ባለገንዘብ (ያበደረው ሰው) የፍርድ ቤት እግድ ይዞ የይዞታ ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ቢደርስ፣ በመዝገቡ ላይ የሚያገኘው የሻጩን ስም ነው፤ እርስዎም ገንዘብዎን ከፍለው፣ ቁልፉን ተረክበው፣ ስምዎ ግን ካርታው ላይ ሳይኖር ክርክር ይገባሉ። ስለዚህ ሳይውሉ ሳያድሩ ንብረቱን አስገምተው፣ በአዋጅ ቁጥር 110/1990 የተጣለውን 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥ ከፍለው ስሙን ያዛውሩ። ቀሪውን ክፍያ ከስም ዝውውሩ በፊት አይልቀቁ። ይህን ዛሬ ደጋግሜ እናገረዋለሁ።

ጥያቄ (ፒያሳ)፦ ሻጭ ምን ምን ይዞ ይቅረብ?

መልስ፦ ጊዜው ያላለፈበት መታወቂያ፣ ዋናውን ካርታ፣ የጋብቻ ወይም ያላገባ ማስረጃ፣ እንዲሁም ንብረቱ ከዕዳና ከእገዳ ነጻ ስለመሆኑ ከይዞታ ጽሕፈት ቤቱ የተሰጠ ማረጋገጫ። ዝርዝሩን እዚያው ይጠይቁ።

ጥያቄ (ጨርቆስ)፦ ካርታው በእኔ ስም ብቻ ነው። ባለቤቴ ለምን መፈረም አለባት?

መልስ፦ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በጋብቻ ዘመን የተገኘ ንብረት በአንደኛው ስም ቢመዘገብም የጋራ ነው ብሎ ስለሚገምትና የጋራ ቤት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለመስጠት የሁለቱን ስምምነት ስለሚጠይቅ ነው። ያልፈረመችው ሚስት ሽያጩን ካወቀችበት ጊዜ ጀምሮ በ6 ወር፣ ቢዘገይ ደግሞ በ2 ዓመት ውስጥ ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ ትችላለች። ቤቱ የግልዎ ከሆነ ያስረዱ፤ ካልሆነ ይዘዋት ይቅረቡ።

ጥያቄ (አምባሳደር አካባቢ)፦ ጋሼ፣ ወንድሜ ውጭ አገር ነው። ንብረቱን ሁሉ እንዳስተዳድርለት ጠቅላላ ውክልና ልኮልኛል። ቤቱን ልሽጥበት?

መልስ፦ በዚህ ጥያቄ ላይ ጊዜ ብወስድ ቅር አትሰኙብኝ፤ እኔ ካየኋቸው የቤት ክርክሮች ብዙዎቹ የተወለዱት ከውክልና ነው። ጠቅላላ ውክልና የማስተዳደር ሥልጣን ብቻ ይሰጣል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለመስጠት ልዩ ውክልና ይጠይቃል፤ ስለዚህ በሰነዱ ላይ «ቤቴን እንዲሸጥ፣ በሽያጭ ውሉ ላይ እንዲፈርም፣ ገንዘቡን እንዲቀበል፣ ስም እንዲያዛውር» ተብሎ በግልጽ መጻፍ አለበት። ገንዘብ መቀበል ካልተጠቀሰ ገዢው ለማን እንደሚከፍል ግራ ይገባዋል፤ ስም ማዛወር ካልተጠቀሰ ደግሞ ሽያጩ ተረጋግጦ ዝውውሩ ደጅ ይቀራል። ወንድምዎ በኢትዮጵያ ኤምባሲ ከፈረሙ፣ ሰነዱ እዚህ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ በሰነዶች ማረጋገጫ ይመዘገባል። የፈረሙት በዚያ አገር ኖተሪ ፊት ከሆነ ግን አስቀድሞ የአገሩ ባለሥልጣን፣ ቀጥሎ ኤምባሲያችን ሊያረጋግጠው ይገባል፤ አንዱ ማኅተም ከጎደለ ሰነዱ የመጣበትን መንገድ ተመልሶ ይሄዳል። ገዢ የሆናችሁ ደግሞ ውክልናው አለመሻሩን በፊርማው ዕለት አጣሩ። ወካዩ ከሞተ ውክልናው አብሮ ያበቃል፤ ተወካዩ ለቅሶ ተቀምጦ ተነሥቶ በዚያው ሰነድ ሊሸጥ ሲመጣ ያጋጠመኝ አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም።

አባል (ልደታ)፦ ይህ ሁሉ ደጅ ጥናት ለምን? አባቶቻችን በሽማግሌ ፊት ሦስት ምስክር አስፈርመው ሲገዙ ኖረዋል።

አባል (አራት ኪሎ)፦ ሕጉም ቢሆን ከእርስዎ አይርቅም። አንቀጽ 2877 የቤት ሽያጭ በጽሑፍ ይሁን ይላል እንጂ ስለ ማረጋገጥ አንድም ነገር አይናገርም።

አባል (ልደታ)፦ አላልኳችሁም!

አባል (ለገሃር)፦ የእኛ ቤት በሽማግሌ ተገዝቶ ዛሬም ፍርድ ቤት ነው። ሽማግሌዎቹ አርፈዋል፤ ሻጩ አልፈረምኩም ብሏል።

መልስ፦ ወደ ጉዳዩ እንመለስ። አንቀጽ 2877 ብቻውን አይነበብም፤ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት ይሁን ይላል። የሰበር ሰሚ ችሎት በ1999 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 21448 ሁለቱን አንድ ላይ ተርጉሞ፣ ይህን ሥርዓት ያልተከተለ የቤት ሽያጭ እንደማይጸና ወስኗል። ከዚያ በኋላ ሻጩ ውሉን ባልካደባቸው ጉዳዮች ችሎቱ ለየት ያለ አቋም መያዙ እውነት ነው። ይሁን እንጂ የሰፈሩ ዋጋ እጥፍ ሲሆን የማይክድ ሻጭ ይገኛል ብሎ ቤት መግዛት የማን ጥንቃቄ ነው? ሽማግሌዎቻችሁን አክብሩ፤ ውሉን ግን በአዋጅ ቁጥር 922/2008 መሠረት አረጋግጡ።

ጥያቄ (ሜክሲኮ)፦ ባንክ ቤቱን በመያዣ ሲይዝም ውልና ማስረጃ መሄድ ግዴታ ነው?

መልስ፦ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 639/2001 የባንክና የአነስተኛ ፋይናንስ ተቋማትን የመያዣ ውል ከዚህ ነጻ አድርጎታል። በይዞታ መዝገብ መመዝገቡ ግን አልቀረም፤ መያዣው ውጤት የሚኖረው ከተመዘገበበት ቀን ጀምሮ ነው።

ጥያቄ (ጎላ)፦ ስለ ኮንዶሚኒየም ቢያብራሩልን።

መልስ፦ ስለ ኮንዶሚኒየም ምኑን? በዕጣ የደረሰዎትን 5 ዓመት ሳይሞላ ሊሸጡ ከሆነ ክልክል ነው። ሌላ ከሆነ ጥያቄውን ለይተው ይጻፉ።

ጥያቄ (አራዳ)፦ ማኅተም ካለ ስም ማዛወሩ ለጊዜው ቢቆይ ችግር አለው?

መልስ፦ ለካዛንቺሱ ጠያቂ የሰጠሁትን መልስ ያንብቡ። ከላይ ነው።

ጥያቄ (ስድስት ኪሎ)፦ አባታችን በ2011 ዓ.ም. በእጃቸው የጻፉት ኑዛዜ በመሳቢያ ውስጥ አለ። በሕይወት አሉ፤ ማረጋገጥ ያስፈልጋል?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሰው የማያውቀው ነገር አለበት። ሙሉ በሙሉ በተናዛዡ እጅ የተጻፈ፣ ኑዛዜ መሆኑን የሚገልጽ፣ ቀንና ፊርማ ያለው ሰነድ ያለ ምስክር ይጸናል። ነገር ግን በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 903 መሠረት በተጻፈ በ7 ዓመት ውስጥ ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ቀሪ ይሆናል። ወረቀቱ ላይ ያለውን ቀን ዛሬውኑ ይመልከቱ፤ ጊዜው ካለፈ አባትዎ እንደገና ይጻፉት፣ ወይም በአራት ምስክሮች ፊት ግልጽ ኑዛዜ ያድርጉ። ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም በሥራው ላይ ያለ አዋዋይ ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። አባትዎ መራመድ ከቻሉ፣ እርስዎ ወክለው ሳይሆን ራሳቸው ይሂዱ።