ልዩነት ያልተገኘበት ጥናት ይታተማል?

ጥያቄ፦ ዓይን በእይታ ሲታለል እጅም አብሮ ይሳሳት እንደሆነ ፈትሼ ልዩነት አጣሁ። አማካሪዬ «ማንም አያሳትመውም» አሉኝ። ልተወው? (የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዋ)

መልስ፦ ኧረ በፍጹም፣ እህቴ! ልዩነት መጥፋቱም ውጤት ነው። ግን «ፒ ከ0.05 በላይ ሆነ» (ፒ ማለት ልዩነት በእውነት ባይኖር ቢያንስ ይህን ያህል ልዩነት በአጋጣሚ የመገኘት ዕድል ነው) ብለሽ እንዳታቆሚ፤ የተሳታፊ ማነስም ይህንኑ ያመጣል፣ ገምጋሚዎች መጀመሪያ የሚይዙሽም እዚያ ላይ ነው፣ ስለዚህ የቤይዝ ፋክተር (ዳታው «ልዩነት አለ» እና «የለም» ከሚሉት የትኛውን ምን ያህል እንደሚደግፍ የሚለካ ቁጥር) ወይም የእኩልነት ፈተና (ልዩነት ቢኖር እንኳ ከቁም ነገር የማይገባ ትንሽ መሆኑን የሚፈትሽ) ጨምሪበት። የእጁን እንቅስቃሴ ጥሬ ዳታ ከነኮዱ አያይዢና በፕሪፕሪንት (መጽሔት ሳይገመግመው በኢንተርኔት ለሁሉም በሚወጣ ጽሑፍ) አውጪው።

ለሚቀጥለው ጥናትሽ ደግሞ ኮርቴክስ የተባለው የአንጎል ሳይንስ መጽሔት እንደ ፈረንጆቹ በ2013 የጀመረውን፣ «ሬጂስተርድ ሪፖርት» የሚባለውን አሠራር የሚቀበል መጽሔት ፈልጊ። ዳታ ሳትሰበስቢ ጥያቄሽና ዘዴሽ ይገመገማል፤ ካለፈና ዕቅድሽን በደንብ ከተከተልሽ፣ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን ይታተማል። ለእኔ ከዚህ የተሻለ ፍትሐዊ መንገድ የለም።