የሚጥል በሽታ መድኃኒትና የአጥንት ጤና፦ ጥያቄና መልስ

እነዚህ ጥያቄዎች ከሱሉልታ፣ ከለገጣፎ፣ ከኮዬ ፈጬና ከሰበታ የተላኩ ናቸው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ። ከሁሉ በፊት ግን፣ ይህን አንብባችሁ ክኒኑን እንዳታቆሙ። በተለይ ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቋረጥ ያለ ፋታ የሚደጋገም ጥቃት ያስነሳል፤ እሱ ደግሞ ይገድላል።

ጥያቄ፦ እናቴ 58 ዓመቷ ነው። ፌኖባርቢታል ከጀመረች ከ20 ዓመት በላይ ሆኗታል። ቁርጭምጭሚቷ ላይ ይቆም የነበረው ቀሚስ አሁን መሬት ይጠርጋል። ክኒኑ ነው እንዴ ያሳጠራት?

መልስ፦ በቀጥታ አይደለም፤ ግን እጁ ሊኖርበት ይችላል። ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን የጉበትን ኢንዛይሞች ያነቃቃሉ፤ ኢንዛይሞቹም ቫይታሚን ዲን ከወትሮው ፈጥነው ያፈራርሱታል። ቫይታሚን ዲ ሲያንስ አንጀት ካልሲየምን እንደሚገባ አይቀበልም። ደም ውስጥ እንዳይጎድል አንገት ላይ ያሉ ትንንሽ ዕጢዎች ሆርሞን እየለቀቁ ካልሲየሙን ከአጥንት ያስወጡታል። ይህ ለዓመታት ሲቀጥል የአከርካሪ አጥንቶች ይሳሱና ይጨፈለቃሉ፤ ቁመት የሚጠፋውም እዚያ ላይ ነው። በእናትሽ ዕድሜ ማረጥም ይጨመርበታል። ከባድ ጥቃት በራሱ፣ ሰውየው ባይወድቅ እንኳ፣ የጀርባ ጡንቻ በኃይል ሲኮማተር የመሃል ጀርባን አጥንት ሊሰብር ይችላል። አብዛኛው የአከርካሪ ስብራት ብዙ ሳያም ስለሚያልፍ «ወገቤን ብርድ መታኝ» ተብሎ ይረሳል።

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ እንዴት እንለካ?

መልስ፦ ጠዋት ለኩ፤ ቀኑ ሲገፋ ማንም ሰው ትንሽ ያጥራል። ጫማና ሻሽ ይውለቅ፤ ተረከዝ፣ መቀመጫና ጀርባ ግድግዳ ይንኩ፤ ዓይን ቀጥ ብሎ ወደ ፊት ይይ። ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ አንዱ ጠርዙ ግድግዳውን እንደነካ ጭንቅላት ላይ አጋድሙና ሥሩን በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ሦስት ጊዜ ለክታችሁ መካከለኛውን ከነቀኑ ጻፉ፤ በየስድስት ወሩ ድገሙት።

ከ40 ዓመት በኋላ በየ10 ዓመቱ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ መቀነስ የተለመደ ነው። በሁለት ልኬት መካከል 2 ሴንቲ ሜትር፣ ወይም ከወጣትነት ቁመት 4 ሴንቲ ሜትር ከጠፋ ግን ራጅ ያስፈልጋል። ሌላም መፈተሻ አለ፦ ቀጥ ብላ ቆማ ከታችኛው የጎድን አጥንትና ከዳሌ አጥንት መካከል ከጎን ጣት አስገቡ። ከሁለት ጣት በላይ የማይገባ ከሆነ፣ ወይም ግድግዳ ተደግፋ የጭንቅላቷ የኋላ ክፍል ግድግዳውን የማይነካ ከሆነ፣ አከርካሪው ተጨፍልቆ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ሐኪም ጋ ስንሄድ ምን እንጠይቅ?

መልስ፦ የደረትና የወገብ አከርካሪ ራጅ፣ ከጎን የተነሳ። ከደም ደግሞ ካልሲየም፣ ፎስፌት፣ አልካላይን ፎስፋቴዝ፣ ከተቻለም ቫይታሚን ዲ። ቫይታሚን ዲ በሚሊ ሊትር ከ20 ናኖግራም በታች ከሆነ እጥረት ነው። ዴክሳ የሚባለው የአጥንት እፍጋት መለኪያ ጤና ጣቢያ ስለማይገኝ ሪፈር ያስፈልገዋል፤ እሱን ስትጠብቁ ግን ራጁ አይዘግይ። ጭኗን የሚያማት፣ ከበርጩማ ለመነሳት እጇን የምትደገፍ፣ የኮንዶሚኒየም ደረጃ የሚከብዳት ከሆነ ይህንንም ተናገሩ፤ የአጥንት መለስለስ ምልክት ሊሆን ይችላል። እሱ በቫይታሚን ዲና በካልሲየም በደንብ ይድናል።

ጥያቄ፦ ፀሐይ በሞላበት አገር ቫይታሚን ዲ እንዴት ያንሳል? መርፌ ልወጋ?

መልስ፦ ጠዋት በ1 ሰዓት የምንሞቀው ፀሐይ ሙቀት እንጂ ቫይታሚን ብዙም አይሰጥም። ጥላችሁ ከቁመታችሁ ሲያጥር፣ ማለትም ከ4 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ክንድና እግር ተገልጦ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ፣ በሳምንት ሦስት አራት ቀን ይሙቁ። በመስኮት መስታወት ውስጥ የሚገባው ለዚህ አይረባም። ክረምት ላይ ደመናው ይቀንሰዋል።

እነዚህን መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው ግን ፀሐይ ብቻ ላይበቃው ይችላል። ለመከላከል ብዙ ጊዜ በቀን ከ1,000 እስከ 2,000 ዩኒት የሚዋጥ ቫይታሚን ዲ ይታዘዛል፤ እጥረቱ ከተረጋገጠ 50,000 ዩኒት በሳምንት አንዴ ለ8 ሳምንት የተለመደ ነው፣ እንዲያውም ለእነዚህ ታካሚዎች ከሌላው ሰው የበለጠ መጠን ያስፈልጋል። ሳይመረመሩ መርፌ መደጋገም ግን ካልሲየምን ከልክ በላይ ከፍ አድርጎ ኩላሊት ይጎዳል።

ጥያቄ፦ በጾም ካልሲየም ከየት ይገኛል? ክኒኑስ?

መልስ፦ አዋቂ በቀን ከ1,000 እስከ 1,200 ሚሊ ግራም ያስፈልገዋል። አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ገደማ ይሰጣል። በጾም የሐበሻ ጎመን፣ ያልተፈተገ ሰሊጥና በደንብ የቦካ የጤፍ እንጀራ ይረዳሉ። ቆስጣ ካልሲየም ቢኖረውም ኦክሳሌት ስለሚይዘው ሰውነት ብዙም አያገኘውም፤ ጎመኑን አስቀድሙ። የካልሲየም ክኒን በአንድ ጊዜ ከ500 ሚሊ ግራም አይብለጥ፤ ካርቦኔቱ ከምግብ ጋር ይወሰድ። ፌኒቶይን የምትወስዱ ሁለቱን ቢያንስ በ2 ሰዓት አራርቁ፤ ካልሲየሙ ፌኒቶይኑ ወደ ደም እንዳይገባ ያግደዋልና ጥቃቱ ሊመለስ ይችላል። ፌኖባርቢታል በቀን አንዴ፣ ማታ ሲተኛ መውሰድ ስለሚቻል ከጾም ጋር አይጋጭም።

ጥያቄ፦ ካርባማዜፒን እየወሰድኩ ዲፖ (የእርግዝና መከላከያ መርፌ) እወጋለሁ። ችግር አለው?

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን የሚጠይቅ ጥቂት ነው፣ ደግ አደረግሽ። ክንድ ውስጥ የሚቀበረውና የሚዋጠው መከላከያ በካርባማዜፒን ይዳከማሉ፤ ዲፖ አይዳከምም፣ ነገር ግን እሱም አጥንት ያሳሳል። ሁለቱ ሲደራረቡ ጫናው ይበዛል። ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሆርሞን የሌለው የመዳብ ሉፕ ከሁለቱም ችግር ነፃ ነው፤ ባለሙያዋን ስለ እሱ አነጋግሪ። ሌላውን እስክትጀምሪ ዲፖውን አታቋርጪ።

ጥያቄ፦ መድኃኒቱ ይቀየርልኝ?

መልስ፦ ላሞትሪጂንና ሌቬቲራሴታም ቫይታሚን ዲን እንደዚህ አያፈራርሱም። ቫልፕሮኤት ኢንዛይም ባያነቃቃም አጥንት ከማሳሳት ጋር ይያያዛል፤ ለምትወልድ ሴት ደግሞ ፅንስ ይጎዳል። ለውጡ በሐኪም፣ አዲሱ እየተጨመረ አሮጌው እየተቀነሰ፣ በሳምንታት ነው። ዓመታት ሳይጥለው የቆየ ሰው ግን አጥንቱን እያከመ በዚያው ቢቀጥል ይሻለው ይሆናል።

ጥያቄ፦ አከርካሪዋ እንደተጨፈለቀ በራጅ ታወቀ። ውኃ መቅዳት ታቁም?

መልስ፦ ባለ 20 ሊትሩን ጄሪካን አዎ። ባለ 5 ሊትር ይበቃታል፤ ስታነሳም ወገቧን ሳይሆን ጉልበቷን ትጠፍ። በእግር መሄድ ግን አይቅር፤ አጥንት ሥራ ይፈልጋል። አልጋዋ ዝቅ ይበል፣ መታጠቢያና ሽንት ቤት ከውስጥ አትቆልፍ። ከጥቃት በኋላ አዲስ የጀርባ ሕመም ከመጣ ራጅ ይደገም። እግሯ ከደነዘዘ ወይም ከዛለ፣ ሽንቷን መቆጣጠር ካቃታት፣ እስኪነጋ ሳትጠብቁ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል አድርሷት።