ልጄ ለምን ጫት ጀመረ? ላልሽው እህቴ

«የ11ኛ ክፍል ልጄ መቃም ጀመረ፤ ምን አጉድዬበት ነው?» ብለሽ ጠይቀሻል። አራት ኪሎ አካባቢ ሁለተኛ ደረጃ ስለማስተምር ካየሁት ልንገርሽ። ምንም አላጎደልሽበት ይሆናል። የሚቅሙ ተማሪዎቼ ብዙዎቹ ቤታቸው ሰላም የሆነ፣ ጨዋ ልጆች ናቸው።

ቅጠሉን ፈልጎ የጀመረ ልጅ አላጋጠመኝም። ጓደኛው ጫት ቤት ስለገባ ነው የሚገባው። ትምህርት በግማሽ ቀን ሲያልቅ ቤት ሰው የለም፣ ኳስ መጫወቻም የለም። በ2016 የፒያሳ አካባቢ ቤቶች ከፈረሱ ወዲህ ደግሞ ቤተሰባቸው ዳር ከተማ ወጥቶ እነሱ እዚሁ መሃል የሚማሩ ልጆች አሉ። ጫት ቤት ፍራሽ አለ፣ ኦቾሎኒ አለ፣ ጨዋታ አለ። ምርቃናው፣ ማለትም የጫቱ ሞቅታ፣ ሲመጣ ዝምተኛው ልጅ ሳይቀር ያወራል፤ ትልልቆቹም ያዳምጡታል። የ16 ዓመት ልጅ ይህን ሌላ የት ያገኛል?

ሁለተኛው ምክንያት ፈተና ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ «ስትቅም ይገባሃል» የሚል ወሬ ይነዛል፤ ጎበዞቹም ይጀምራሉ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል አነቃቂ ንጥረ ነገር እንቅልፍ ማባረሩ እውነት ነው። ግን ያልተኛ አእምሮ ያነበበውን አይዝም። አንድ ተማሪዬ ቅሞ ያደረበትን ደብተር አሳየኝ። ገጹ በሦስት ቀለም ተሰምሮበታል፤ ያልተሰመረበት መስመር የለም። ስለ ምን እንደሆነ ስጠይቀው ርዕሱ እንኳ ጠፋው።

ብሩን ተከታተይ። ካቲኖን ቅጠሉ ከተቆረጠ በሁለት ቀን ገደማ ይደክማል፤ በኮባ የሚጠቀለለውም እንዳይደርቅ ነው። ስለዚህ ገዝቶ ማስቀመጥ አይሆንም፣ በየጊዜው ትኩስ ያስፈልጋል። ልጆቹ የታክሲና የምሳ ብራቸውን አዋጥተው አንድ ዙርባ ይገዛሉ። ጫቱ የምግብ ፍላጎት ስለሚዘጋ የቀረው ምሳ አይታወቃቸውም። ማታ «አልራበኝም» ማለት ካበዛ ልብ በይ።

እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ጨብሲው ነው። ምርቃናውን ለመስበር ቢራ ይከተላል፤ ሲጋራውም እዚያው ይለመዳል። የ2011ዱ የምግብና መድኃኒት አዋጅ ሁለቱንም ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥ ይከለክላል፤ መታወቂያ የሚጠይቅ ሻጭ ግን አላየሁም።

እንግዲህ ከሰዓቱን ያዢለት፤ ስፖርትም ይሁን ሥራ፣ ሰው ያለበት ነገር ይሁን። ጓደኞቹን ቤት ጥሪያቸው፣ እወቂያቸው። አባቱ ወይም አጎቱ ቤት ውስጥ የሚቅም ካለ መጀመሪያ እሱን አናግሪ፤ ያለዚያ ምክርሽ አይሰማም። ልጁን መርቅኖ ወይም ሀራራ (የጫት አምሮት) ይዞት ሳለ አትጨቅጭቂው፤ በሌላ ሰዓት፣ ረጋ ሲል አናግሪው። ሲያቆም የመጀመሪያዎቹ ቀናት ድብርት፣ ብዙ እንቅልፍና ዱካክ (የሚያስጨንቅ ቅዠት) ይኖራሉ፤ ያኔ ሰነፍ አትበይው። ሰው ይከታተለኛል ካለ ወይም የሌለ ድምፅ ከሰማ ግን ጊዜ አትስጪ፣ አማኑኤል ሆስፒታል ውሰጂው።